«ኮድ» ምስጢር ነው ወይስ መፍቻ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የልጄን የባዮሎጂ ደብተር ሳይ «የዘረመል ኮድ» የሚል አገኘሁ። ኮድ ምስጢር ማለት ነው? ቀጥሎ ደግሞ «መገልበጥ» እና «መተርጎም» ይላል። ሴል ውስጥ ምን የሚተረጎም ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነገሩ ወዲህ ነው። ምስጢር አይደለም፣ መፍቻ ነው። «ኮድ 2» ስንል የግል መኪና እንደምንለው ዓይነት ስምምነት። ዲኤንኤ፣ ማለትም በሴል ውስጥ የውርሱን መረጃ የያዘው ሞለኪውል፣ ላይ ያለው ጽሑፉ ነው፤ ኮዱ ጽሑፉ የሚነበብበት ደንብ። «ኮዱ ተበላሸ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ጽሑፉ ነው።

መገልበጥ ሲባል ደብተር እንደምንገለብጠው ነው እንጂ ብርሌ አይደለም! ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ፣ ማለትም ወደ ሥራ ቅጂው፣ ይገለበጣል፤ ቋንቋው ያው የፊደል ቋንቋ ነው (ፊደል የምንላቸው የሁለቱን ሰንሰለት የሚሠሩትን ኬሚካሎች ነው)። መተርጎም ግን ቋንቋ መሻገር ነው። ራይቦዞም የሚባለው የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ የፕሮቲን ጡብ የሆነውን አሚኖ አሲድ ይቀጣጥላል፤ ሰንሰለቱ ፕሮቲን ይሆናል። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎቹ ኒረንበርግና ማታይ መጀመሪያ የፈቱት ባለ ሦስት ፊደል ቃል «ዩዩዩ»ን ነበር፦ ትርጉሙ ፌኒልአላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። አስተርጓሚው ቲአርኤንኤ በአንድ ጫፉ ሦስቱን ፊደላት ይገጥማል፣ በሌላው አሚኖ አሲዱን ተሸክሟል። እኔ ብሆን «ቱርጁማን» እለው ነበር።

ሌላ አባል፦ ባለ ሦስት ፊደሉ ቃል 64፣ አሚኖ አሲዱ 20። አልበዛም?

መልስ፦ የእኛን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አስበው። ፀሐይን «ጸሀይ» ብለህ ብትጽፋት ያው ትሞቃታለህ። ሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ብቻውን ስድስት አጻጻፍ አለው። ሦስቱ ቃላት ደግሞ አራት ነጥብ ናቸው፤ እዚያ ሲደርስ ሥራው ይቆማል። ግን ሁሉም የፊደል ለውጥ በዝምታ አያልፍም። ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ ላይ «ጂኤጂ» የነበረው «ጂዩጂ» ሲሆን በግሉታሚክ አሲድ ቦታ ሌላ አሚኖ አሲድ፣ ቫሊን፣ ይገባል። ይህ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ ይኸው ነው።

ከዚህ የባሰው ፊደል ሲጎድል ነው። በቃላቱ መካከል ሁለት ነጥብ የለማ! «ከበደ ላሟን አሰረ» በሉ። «በ»ን አውጡና እንደገና ሦስት ሦስቱን ቁጠሩ፦ «ከደላ ሟንአ ሰረ»። መጀመሪያው ቃል ይመስላል፣ ከዚያ ወዲያ ዝብርቅርቅ።

ጠያቂ፦ «ከደላ»ን ለልጄ አሳየኋት። አሁን የክፍል ጓደኞቿን ስም እየቆራረጠች ነው።