«ማመን» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የባሶው
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የሥራ ባልደረባዬ «አንተ በእግዚአብሔር ታምናለህ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ታዲያ ምን እንዲህ ያስጨንቅሃል?» ብሎ ዝም አሰኘኝ። ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት፤ የሞላሌ ሰው ናት። «እግዜር እንዳለማ ሰይጣንም ያውቃል፣ ጥያቄው እሱን አምነህ ትተኛለህ ወይ ነው» አለችኝ። ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ። «ወሬውን አመንኩ»፣ «ሰውየውን አመንኩት»፣ «ወንጀሉን አመነ»፣ «በእግዚአብሔር አመነ»። አንድ ግስ ነው ወይስ አራት?

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ
አያትህ ያዕቆብ 2፥19ን ነው በቃሏ የነገረችህ። አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጣሉም ይላል። መኖሩን ማመን ለእነሱም አልጠፋቸውም ማለት ነው።
ወደ ቃሉ ስመጣ፣ ግእዙ «አምነ» ነው። እምነት፣ ምእመን፣ ታማኝ፣ አማን፣ አሜን ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሃይማኖትም ከዚያው ሥር ነው፣ በአራማይክ በኩል ዞሮ የመጣ። በዕብራይስጥ ሥሩ መጽናትን፣ አለመነቃነቅን ያሳያል። ኢሳይያስ 7፥9 ላይ «ካላመናችሁ አትጸኑም» የሚለው እዚያ የቃል ጨዋታ ነው፣ ማመኑም መጽናቱም ከአንድ ሥር ናቸው፤ አማርኛው ላይ ጨዋታው ቀለጠና መልእክቱ ብቻ ቀረ። አንድ ነገር ልጨምር። ጸሎተ ሃይማኖት «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ብሎ ይጀምርና ትንሣኤ ሙታን ላይ ሲደርስ ግሱን ይቀይራል፣ «ንሴፎ» ይላል፣ ተስፋ እናደርጋለን። ስንት ዓመት ሙሉ በቃሌ ስለው ልብ አላልኩትም ነበር።

የአጣዬ ልጅ
እኛም ቤት ያው ሥር ነው። ኢማን እምነቱ፣ አማና አደራው። ልጅ ሆኜ አባቴ ሱቅ ሰዉ ብሩን በመሀረብ ቋጥሮ «አማና ነው» ብሎ ሰጥቶ ይሄዳል። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። አባቴ ቋጠሮውን ሳይፈታ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ ይወሽቀዋል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። ከአላህ ስሞች አንዱም አል-ሙእሚን ነው። ሰው ላይ ስትለው አማኝ ነው፣ እሱ ላይ ሲሆን ደግሞ ደኅንነት የሚሰጥ ማለት ነው። ያን ያወቅሁ ቀን ገረመኝ።

ሸንኮራ
እምነት ይቀመጣል፣ ይቋጠራል፣ ይቀባልም እኮ! እናቴ ከሸንኮራ ዮሐንስ ስትመለስ ጠበሉን በጄሪካን፣ እምነቱን በወረቀት ጠቅልላ ታመጣለች። የተባረከውን አመድ ማለቴ ነው፣ ግንባር ላይ የሚቀባውን። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜን ራሱን አሞት «እምነት የለንም እንዴ?» ሲል፣ እናቴ ከጓዳ ሆና «ኮመዲኖው ውስጥ አለ፣ ሁለተኛው መሳቢያ!»

የባሶው
😂 ሁለተኛው መሳቢያ!

ደረቅ ሰዋስው
ሳቁን ላቋርጥ። የባሶው፣ እኔ አንድ ግስ ነው ባይ ነኝ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው አብሮት የሚሄደው ነው። «ጣርማ በር ላይ ጅብ እንዳለ አምናለሁ» ትላለህ። «በጅብ አምናለሁ» ግን ማንም አይልም። ቢል አብዷል ይባላል። «በ» ስትገባ ክብደትህን የጣልክበት ነገር ይመጣል። ለዚህ ነው «እምነት ጣለበት» የምንለው፣ ሸክም እንደሚጣል። ወንጀሉን ያመነም ያው መካዱን ትቶ እጁን ሰጠ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውም ፈረሱ የለም ተብሎ ተጠርጥሮ አይደለም፣ ተቀምጠህበታል።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ
«በ»ን እንዲህ አታግንናት ወንድሜ። በዕጣ የሚያምን፣ በዛር የሚያምን የለም? እዚያ ላይ «በ» መኖሩንም ኃይሉንም አንድ ላይ ነው የምትይዝ። ደግሞ አገሬው ድሮ «እገሌ በእግዚአብሔር ያምናል» ብሎ መች አመሰገነ? «እግዜርን የሚፈራ ሰው» ነው የሚለው። አማኝ ማለት እንዲህ መለያ ሆኖ የተለመደው በእኛ ዕድሜ ይመስለኛል።

ደረቅ ሰዋስው
ዛሩን ተቀብያለሁ። አመንኩ 🙂

ሸንኮራ
«ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውንስ የት ታደርጉታላችሁ? ሞቶ ካልተቀበረ አይታመንም! እግዜር ላይ ግን እንዲህ የሚል ተረት ሰምቼ አላውቅም።

የባሶው
ሁላችሁም ተባረኩ። ዛሬ ማታ ደግሞ አያቴን ላጠምዳት ፈለግኩ። ሁልጊዜ ስትተኛ «በአንተ አምኜ» ትልና አማትባ ጋቢዋን ትከናነባለች። ከዚያ በፊት ግን በሩን በመቀርቀሪያው ትዘጋለች፣ ጉቶውንም ታስደግፋለች። «አምነሽ የምትተኚ ከሆነ መቀርቀሪያው ምን ያደርጋል?» አልኳት።
«እሱን አምኜ ነው የምተኛ» አለችኝ። «ሌባውን አምኛለሁ መቼ አልኩህ?»