ለተወካያችን የምናስገባው ደብዳቤ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለፓርላማ ተወካያችን የምናስገባው ሐሳብ እሁድ ማለቅ አለበት። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ቆጠርኩ፣ 11 ናቸው። 8ቱ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት። እንዲሁ ከላክነው መልሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ «ለሚመለከተው አካል አስተላልፈናል»።

አባል፦ ታዲያ የመረጥነው ለምን ነበር? ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻችን እኮ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ደብተራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ይዘው ነው የሚሻገሩት።

ጸሐፊ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ድልድዩ የወረዳው ሥራ ነው። ለወረዳ ምክር ቤቱ ለብቻው እንጻፍ። የፌዴራሉ ተወካይ ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትር ይጠይቃል። ከሱ የምንፈልገው መጥቶ እንዲያስረዳን ነው። ከምርጫው ወዲህ ዓይኑን ያየ አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ መጀመሪያም አልመረጥኩትም።

ሰብሳቢ፦ ባትመርጪውም ያንቺም ተወካይ ነው እህቴ። በኛ አገር ከዕጩዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፣ ግማሹን ባይሞላም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ግን የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው የሚለው።

አባል፦ ያው አንቀጽ አመኔታ ያጣን ተወካይ መራጩ ሊያነሳው ይችላል ይላል። ለምን እሱን አንጽፍም?

ሰብሳቢ፦ ገና ሳንጠራው ልናባርረው ነው? ተጠያቂነቱን በአንድ መስመር ጥቀሱት፣ ይበቃል። ዛቻ ከመሰለ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ሌላ አባል፦ እኔ የምለው የምርጫ ክልላችን ስፋት ለምን አይነሳም? ሜዳ የነበረው ሁሉ ቤት ሆኗል። ውክልናችን ግን ያው አንድ ወንበር ነው፤ አንድ ይጨመርልን።

ጸሐፊ፦ ይሄ ደግሞ በቀጥታ የሱ ሥራ ነው፣ ጥሩ አነሳሽ። ግን «ወንበር ይጨመር» አንበል። ወንበሮቹ 547 ናቸው፣ የሕገ መንግሥቱ ጣሪያ 550። 3 ወንበር ለመላ አገሪቱ ምን ትሆናለች? መባል ያለበት ወሰኑ እንደገና ይታይ ነው። አንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠር፣ በውጤቱ መሠረት ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቅርብና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስን ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ መራጭ ሆኗል። ስለዚህ ቆጠራው መቼ እንደሚካሄድ ፓርላማ ውስጥ ይጠይቅልን።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ሁለት ነገር ብቻ እንግዲህ። መምጫውስ መቼ ይሁን? ቀን ካልቆረጥንለት «በቅርቡ» ብሎ ይቀራል።

ጸሐፊ፦ ፓርላማው ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው የሚሠራው፤ መሀል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለው። አንድ ቅዳሜ በእረፍቱ፣ አንድ ቅዳሜ ሐምሌ ላይ ብለን እንጻፍ።

አባል፦ ሐምሌ ዝናብ ነው፣ ማን ይመጣል?

ሰብሳቢ፦ እኛማ እንመጣለን። አዳራሹ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ እሱም ጫማውን አውልቆ ይሻገራል። ሐምሌ በሉት።