አስቸኳይ! ማሲንቆው አለ፣ ዘፋኙ የለም

የሆጤው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ቶሎ በሉልኝ። ዛሬ ማታ 1:30 ላይ ደሴ ፒያሳ፣ ካፌ ውስጥ የአዳዲስ ዘፈን ግምገማ አለን። በራሳቸው ወጪ ቀድተው ያወጡ የወሎ ልጆችን አራት ዘፈን ይዣለሁ። አንዱ በማሲንቆ ነው፣ አንዱ ራፕ፣ አንዱ ሬጌ፣ አንዱ ደግሞ ክራር ከኮምፒውተር ምት ጋር። ችግሩ ሦስቱ ላይ የዘፋኙ ድምፅ የለም! ማሲንቆው ጥርት ብሎ ይሰማል። ጭብጨባውም አለ። ሰውየው ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ነው የሚመስለው። ቤዙም ጠፍቷል። ደህና የሆነው ሬጌው ብቻ ነው። «ሚክሱ (የድምፆቹ ቅልቅል) ተበላሽቷል» ብዬ ልጻፍባቸው ወይስ ፋይሉ ነው? አሁን 11 ሰዓት ሆኗል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የቀረኝ።

የኮምቦልቻዋ፦ ዘፋኙና ማሲንቆው ተጣልተው ይሆናላ። ሽማግሌ ላክባቸው።

ሪስታርት፦ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራው።

መምህር ከሐይቅ፦ ልጄ፣ ግምገማ የሚጀምረው ከቅኝት ነው። ማሲንቆ አለው ያልከው ዘፈን ትዝታ ነው? ባቲ ነው? አምባሰል ነው? አንቺሆዬ ነው? እሱን ሳትነግረን ስለ ሚክስ ታወራለህ። ከአራቱ ሁለቱ ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው። ባቲን ሰው የሚያውቃት በሰኞ ገበያዋ ብቻ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ በነዚያ አምስት ድምፆች ግን ሰው ይለቀሳል፣ ሙሽራ ይሞገሳል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትጫወት ቁጭ ብሎ ያልሰማ ልጅ ብዕር ባያነሳ ይሻላል። ደግሞ ዘፈኖቹን ሙሉ በሙሉ ለሰው እንዳታባዛ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ የሰው ሀብት ነው።

የሆጤው፦ መምህር፣ ያክብርልኝ። ግን እኮ ቅኝቱን የሚዘፍነው ሰውዬ ነው የጠፋው!

ባለ ባጃጅ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ልጆቹ ከሥራ ተርፎ ከኪሳቸው ከፍለው ነው የቀዱት። ፕሮዲዩሰር የላቸውም፣ ስፖንሰር የላቸውም። አንተ ደግሞ ሚክሱ እንዲህ፣ ቤዙ እንዲያ ትላለህ። ጀማሪ ይበረታታል እንጂ ይገመገማል እንዴ?

የኮምቦልቻዋ፦ አቦ ተወን! ሁሉንም «ምርጥ ነው፣ በርታ» ካልነው ልጁ ቀጣዩን ዘፈን በምን ያሻሽላል? የእኔ ወንድም አንድ ዓመት ሙሉ «በርታ» ሲባል ቆይቶ፣ የመጀመሪያዋ ስንኝ እንደማትሰማ የነገረችው ጫማ ቤት ያገኛት ሴት ናት።

ሪስታርት፦ አጥፍተህ አበራኸው?

ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ ሦስት ነገር ሳትነግረን ነው የጀመርከው። በምንድን ነው የምትሰማው? የምታውቀውን ሌላ ዘፈን ሞክረሃል? ስትሰካው ጃኩ፣ የኤርፎኑ መሰኪያ ጫፍ፣ እስከ መጨረሻው ገብቷል?

የሆጤው፦ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፣ አሮጌ ነገር። ኤርፎኑ የስልኬ ነው። ሌላ ዘፈን... ቆይ ልሞክር።

የሆጤው፦ እንዴ! ሌሎቹም ላይ ዘፋኝ የለም። አንድ የድሮ ዘፈን ከፈትኩ፣ እሱ ጭራሽ ድምፅ የሚባል የለውም። ዝም!

ጠጋኙ፦ አብሽር፣ እንግዲያው ልጆቹ ንጹህ ናቸው። የኤርፎንህን ጃክ እየው። ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው? እሱ የስልክ ነው፣ ማይክ ያለው። የአሮጌ ኮምፒውተር ቀዳዳ ግን የተሠራው ባለ ሁለት ቀለበት ጃክ እንዲገባበት ነው። ስለዚህ ግራውንድ የምንለው፣ ሁለቱም ጆሮ የሚጋሩት የመመለሻ መስመር በደንብ አይነካም። ግራውንዱ ሲላቀቅ የምትሰማው የግራና የቀኙን ልዩነት ብቻ ነው። ዘፋኙና ቤዙ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚቀመጡ ይጣፋሉ። ወደ አንድ ጎን የተደረገው ማሲንቆ ይተርፋል። የዘፋኙም ኢኮ ግራና ቀኙ ስለሚለያይ ይቀራል፣ ጉድጓድ ያልከው እሱን ነው። ያ የድሮው ዘፈን ደግሞ በሞኖ የተቀዳ ይሆናል። ግራውም ቀኙም አንድ ስለሆነ ምንም አልተረፈም። አሁን ኤርፎኑ ላይ ያለችውን የማይክ ቁልፍ ተጭነህ ያዛት። እምቢ ካለ ጃኩን በጣም በትንሹ ወደ ውጭ ሳብ አድርገው።

ሪስታርት፦ እኔ ግን መጀመሪያ አጥፍቶ ቢያበራው ነው የምለው።

የሆጤው፦ መጣ!! ወላሂ መጣ! ቁልፏን ስጫን ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ የሚዘፍን መሰለኝ። ጣቴ ስለደከመ በብር ማሰሪያ ላስቲክ ጠፍሬ አስሬያታለሁ። ጉዴን ልንገራችሁ? የክራሩ ዘፈን ላይ «ድምፃዊው ዝምታን በድፍረት ተጠቅሞበታል» ብዬ ጽፌ ነበር። ልጁ ለካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲዘፍን ነው የነበረው።

የኮምቦልቻዋ፦ እስካሁን የገመገምከው ገመዱን ነዋ!

ባለ ባጃጅ፦ ይኸው! አላልኩም?

የሆጤው፦ ጠጋኙ፣ አለህ? አሁን ደግሞ ሬጌው ነው ግራ ያጋባኝ። «ከሁሉም ጥርት ያለ ሚክስ» ብዬ ያሞገስኩት እሱን ነበር። ላስቲኩን ካሰርኩ በኋላ ግን ድምፁ ከኋላዬ፣ ከማጅራቴ በኩል የሚመጣ ነው የሚመስለው። ልጁ በቴሌግራም የላከልኝን በስልኬ ስፒከር ከፈትኩት። ዘፋኝ የለም!

ጠጋኙ፦ ታዲያ በእውነት የተበላሸው እሱ ነው። ሲቀዳ ወይ ሲሚከስ የአንዱ ጎን የድምፅ ሞገድ ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ሆኖ ተገልብጧል። የተላቀቀው ግራውንድህ የተገለበጠውን ስላቃናልህ ነው ቅድም ደህና የመሰለህ። የብዙ ሰው ስልክ ደግሞ ስፒከሩ አንድ ነው። ግራና ቀኙን ሲደምራቸው ይጣፋሉ። በኤርፎን ብቻ ሰምቶ የለቀቀ ልጅ ይህን አያውቀውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ይክፈተው፣ ግራና ቀኙን ይነጥል፣ አንዱን ብቻ መርጦ ኢፌክት ውስጥ «ኢንቨርት» (ገልብጥ) ይበለው፣ መልሶ ያጣምር። ከዚያ በአንድ ስፒከር ይስማው። ግን አንተ አስተካክለህ እንዳታጫውትበት። ሰው ፊት ሳታነሳውም ለልጁ ለብቻው ደውልለት።

ባለ ባጃጅ፦ እኔም ባጃጄ ላይ ያለችው አንድ ስፒከር ናት። ለካ አንዳንዱ ዘፈን ላይ ዘፋኝ የማይገባላት ለዚህ ነው። ቤዝ አልችል ብላ ይመስለኝ ነበር።

የሆጤው፦ ልጁ ስልክ አያነሳም። 12:50 ሆኗል። ሬጌውን ለሚቀጥለው ወር ላቆየው ወይስ እንዳለ ላጫውተው?

መምህር ከሐይቅ፦ አቆየው። የማሲንቆው ግን ቅኝቱ ምን ሆነ?

የኮምቦልቻዋ፦ አንተ ልጅ፣ ማታ እንዴት ሆነ? ሬጌውን አጫወትከው?

የኮምቦልቻዋ፦ ሦስት ቀን ሆነ እኮ። ላስቲኩ ተበጥሶ ይሆን?

አዲስ አባል፦ የእኔም ኤርፎን እንዲሁ አድርጎኝ እዚህ ደረስኩ። ቁልፏን ስጫን ግን ዘፈኑ ቀጥ ይላል እንጂ ድምፅ አይመጣም። የሚሰካው ስልክ ላይ ነው። ላስቲክ ይሠራል ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ሪስታርት፦ አጥፍተህ አብራው።