የሕክምና ዲግሪን ለእንግሊዝ አገር ምዝገባ ስለማረጋገጥ

ጥያቄ፦
ሐዋሳ በጠቅላላ ሐኪምነት እያገለገልኩ፣ በእንግሊዝ አገር ለመመዝገብ የዲግሪዬን ማረጋገጫ በኤፒክ (የሐኪሞች የትምህርት ማስረጃ በኢንተርኔት የሚጣራበት አገልግሎት) በኩል ጀምሬያለሁ። ከሬጅስትራር ማኅተም ያረፈበት ኮፒ አውጥቼ ራሴ ብልከው አይበቃም ወይ? የአያቴ ስም አጻጻፍም በዲግሪዬና በፓስፖርቴ ላይ ይለያያል።

መልስ፦
አይበቃም፣ ዶክተር። የአሠራሩ ዋና ነገር ማረጋገጫው በባለቤቱ እጅ አለማለፉ ስለሆነ፣ ኤፒክን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ድርጅት ኢሲኤፍኤምጂ ጥያቄውን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይልካል፤ መልሱንም የሚቀበለው ከዚያው ነው። ጥያቄው የትኛው ቢሮ እንደደረሰ አጣርተው በአካል ቢከታተሉ ይሻላል፤ ኢሜይል ሳይከፈት መክረሙ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም።

ሌላ መልስ፦
የስሙን ጉዳይ አይናቁት። በአንዱ ሰነድ በአንድ «ኤስ»፣ በሌላው በሁለት የተጻፈ ስም ለእኛ ያው ነው፤ ለሚመረምረው ባለሙያ ግን ሌላ ሰው ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ልዩነቱን የሚያስረዳ ሕጋዊ ሰነድ አስቀድመው ያዘጋጁ። ጉድ ስታንዲንግ የሚባለውን፣ ሐኪሙ በሙያው እገዳ እንደሌለበት የሚገልጸውን ማስረጃ ግን ወደ መጨረሻው ያቆዩት፤ ጂኤምሲ (የእንግሊዝ አገር ሐኪሞችን የሚመዘግበው አካል) ከተፈረመ 3 ወር ያለፈውን አይቀበልም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ለፕላብ 1 (ጂኤምሲ ለውጭ አገር ሐኪሞች ለሚሰጠው የመጀመሪያ ፈተና) ለመመዝገብስ ማረጋገጫው እስኪያልቅ ልጠብቅ?

መልስ፦
አይጠብቁ። ለፈተናው ቀጠሮ የሚያስፈልገው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ውጤት ነው፦ በአካዳሚክ አይኤልትስ በአጠቃላይ 7.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ከ7 ያላነሰ።