በማዕዘን መሻገር፦ መብት ነው ወይስ ድንበር መጣስ?

ጠያቂ (ዴንቨር)፦ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ የሕዝብና የግል መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ የተሰበጣጠረው፣ መንግሥት ከ1862 ጀምሮ ለባቡር ኩባንያዎች አንድ ካሬ ማይል እየዘለለ ስለሰጠ ነው። በ2021 ከሚዙሪ የመጡ አራት አዳኞች ሁለት የሕዝብና ሁለት የግል መሬቶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ መሰላል አቁመው ከሕዝብ መሬት ወደ ሕዝብ መሬት ተሻገሩ። ባለመሬቱ ከሰሳቸው። ማርች 2025 10ኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለአዳኞቹ ፈረደ፤ ኦክቶበር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ። እኔ ደስ ብሎኛል። እናንተስ?

ጋሼ (ኦሮራ)፦ ልጄ፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ለአንድ ክንድ ድንበር ሰው ሲጋደል አይቻለሁ። እግሩ ባይነካም ትከሻውና ጠመንጃው በሰውዬው መሬት አናት ላይ አልፈዋል። ግብር የሚከፍል ሰው ይህን እንዴት ይቀበለው?

እህት (ሶልት ሌክ)፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድንበር የገፋው ማን ሆነና? የሕዝብ መሬት እንዳይታጠር የከለከለው ሕግ የወጣው በ1885 ነው። ማዕዘኑን የዘጋ ሰው በስሙ ያልሆነውን መሬት የግል ማደኛው አደረገው ማለት እኮ ነው! በምዕራቡ እንዲህ የተቆለፈው ከ8 ሚሊዮን ኤከር በላይ ይገመታል።

አዳኙ (ሻየን)፦ እኔ ገብቼበታለሁ። የማዕዘኑ ምልክት ከሣሩ መሐል ብቅ ያለች፣ ቁጥር የተቀረጸባት የናስ ክብ ናት። በላይዋ አንድ እርምጃ ነው የተራመድኩት። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው አላየሁም፤ የኤልክ (የትልቁ አጋዘን) ኮቴና ትኩስ ፋንድያ ብቻ። መኪና ይገባል ብላችሁ አትስጉ፣ ፍርዱ ለእግረኛ ነው። አንድ ኤልክ የጣለ ሰው ሥጋውን ቆራርጦ በጀርባው አራት አምስት ጊዜ ይመላለሳል። ይህን የሚችል ስንት ሰው አለ? አውሬውም አይጨናነቅም።

ጠያቂ፦ ሞንታና የምታድኑ ግን ተጠንቀቁ። በሌላ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በ9ኛው ሥር ስለሆነች ይህ ፍርድ አያስገድዳትም።

ጋሼ፦ እሺ፣ ምልክቷ ካለች ይሁን። የስልክ ካርታ ግን በጥቂት ሜትር ይስታል። ናሷ ተነቅላ ከሆነስ?

አዳኙ፦ እመለሳለኋ፣ ጋሼ። የዚያኑ ቀን ሌላ ማዕዘን ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሣሩን እየገለጥኩ ፈለግኳት። አጣኋት፤ ዞሬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።