የሻጋልን ሥዕል እንዴት ልረዳው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። ማርክ ሻጋል በ1911 እ.ኤ.አ. የሳለው «እኔና መንደሬ» ግራ አጋብቶኛል። ፊቱ አረንጓዴ የሆነ ሰው ከአንድ እንስሳ ጋር ዓይን ለዓይን ተፋጧል። በእንስሳው ጉንጭ ላይ አንዲት ሴት ታልባለች። ከላይ ጥቂት ቤቶች ተገልብጠዋል።

ሥዕል ማየት የለመድኩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። እዚያ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። ሻጋል ሰውየውንም እንስሳውንም በጎን ስሏቸዋል። ክፋት ግን ጨርሶ አይታየኝም። እንዲያውም ዓይኖቻቸውን የምታገናኘዋ ቀጭን መስመር አንጀቴን ትበላዋለች። ናፍቆት ይመስለኛል፤ ሠዓሊው ያኔ ፓሪስ ነበር፣ የትውልድ ከተማው ቪቴብስክ ደግሞ ሩቅ። ታዲያ አረንጓዴው ፊትና የተገለበጡት ቤቶች ከናፍቆት ጋር እንዴት ይሄዳሉ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።