መብራት ሄዶ ሲመጣ ኦፕንቪፒኤን አይነሳም፣ በእጅ ግን ይሰራል

ቅርንጫፍ_ጅማ፦
ሰላም ወገን። ጅማ ያለው የቢሮ ኮምፒውተር (ኡቡንቱ 22.04) አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ጋር በኦፕንቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ይገናኛል። ተርሚናል ከፍቼ ከዴስክቶፕ ላይ በሱዶ (በአስተዳዳሪ መብት) ሳስነሳው ወዲያው ይያያዛል። እንደ ሰርቪስ (ከጀርባ በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም) ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዲነሳ ሳደርገው ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር «ፌይልድ» (አልተሳካም) ይላል። ራውተሩ ባለ ሲም ስለሆነ ኔት ለመያዝ ይቆያል። ሰርቪሱን በ60 ሰከንድ ላዘግየው ወይ?

ሩት_ነኝ፦
አታዘግየው። ኦፕንቪፒኤን ኔት ስላጣ ብቻ አይቆምም፤ የሰርቨሩን አድራሻ እስኪያገኝ ደጋግሞ ይሞክራል። ፌይልድ ካለ የወደቀው ገና ኮንፊጉን (የቅንብር ፋይሉን) ሲያነብ ሳይሆን አይቀርም። ጆርናልሲቲኤልን (የሲስተሙን መዝገብ፣ ሎጉን፣ የሚያሳየውን ትዕዛዝ) በሰርቪሱ ስም ክፈትና የመጨረሻዎቹን መስመሮች እይ። የሰርተፊኬቱን (የግንኙነቱን ማንነት ማረጋገጫ) ፋይል ስም ጠርቶ «የለም» ካለህ ነገሩ ይኸው ነው፦ ከዴስክቶፕ ስታስነሳው ፋይሎቹን እዚያው ያገኛቸዋል፤ ሰርቪሱ ግን የሚፈልጋቸው ኢቲሲ (የሲስተሙ ቅንብሮች ፎልደር) ስር፣ ኦፕንቪፒኤን ውስጥ ባለው ክላየንት ፎልደር ነው። ሙሉ ፓዝ ብትጽፍለትም ሆም (የተጠቃሚው ፎልደር፣ ዴስክቶፕም ያለበት) ስር ያለውን አያይም፣ የሰርቪሱ መመሪያ በሆነው ዩኒት ፋይል ላይ ሆምን የሚከልለው ፕሮቴክትሆም በርቷል። ሰርተፊኬቶቹን፣ ቁልፉንና ኮንፊጉን ወደዚያ አዛውር። ኮንፊጉ በነጥብ ኦቪፒኤን የሚያልቅ ከሆነ ወደ ነጥብ ኮንፍ ቀይረው፣ አለዚያ አያገኘውም።

ፓስዎርድም የሚጠይቅ ከሆነ ሲነሳ የሚጽፍለት ሰው የለም። በአንድ ፋይል የመጀመሪያው መስመር ላይ ዩዘርኔም፣ ሁለተኛው ላይ ፓስዎርድ ጻፍ፤ ባለቤቱ ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ)፣ ፐርሚሽኑ 600 (ለባለቤቱ ብቻ የተፈቀደ) ይሁን። ከዚያ ኮንፊጉ ውስጥ ኦውዝ-ዩዘር-ፓስ ከሚለው ቀጥሎ የፋይሉን ስም ጨምር።

ቅርንጫፍ_ጅማ፦
ሎጉ ልክ እንዳልከው ነበር፣ ተነሳ። አሁን ስታተሱ «አክቲቭ» ነው፤ ግን መብራት ከመጣ በኋላ ለደቂቃዎች አይያያዝም። ሎጉ ላይ የሰርተፊኬቱ ጊዜ ገና አልደረሰም ይላል።

ሶኬት_443፦
እንግዲህ የማዘርቦርዱ ባትሪ ደክሟል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሰርተፊኬቱ ከወጣበት ቀን በፊት ስለሚያርፍ ኦፕንቪፒኤን አልቀበልም ይላል። ሰዓቱ ከኔት ሲስተካከል ይፈታል፣ ነገር ግን ከአምስት ሙከራ በኋላ በከሸፈ ቁጥር የሚጠብቀው ጊዜ ይረዝማል፣ እስከ 300 ሰከንድ። ኮንፊጉ ላይ ኮኔክት-ሪትራይ 5 30 ብለህ ብትጽፍ ከ30 ሰከንድ አያልፍም። ይሄ ማስታገሻ ነው፤ መፍትሔው ሲአር2032 ባትሪ መቀየር ነው። ሰዓት ጠጋኞች ጋ አታጣውም። አዲሱ 3 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፣ ሳትለካ አትግዛ። ከቀየርክ በኋላ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ግባ፦ አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ሴቲንግ አብሮ ይጠፋል።

ሩት_ነኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የድሮውን ኮንፊግ ክላየንት ፎልደር ውስጥ ሳይሆን እዚያው ኦፕንቪፒኤን ፎልደር ላይ ትተኸው ከሆነ አጥፋው። ኡቡንቱ እሱንም በራሱ ያስነሳዋል፤ ሁለቱ በአንድ ሰርተፊኬት ሲገቡ ሰርቨሩ አንዱን እያስወጣ ሌላውን ያስገባል፣ መስመሩም በየደቂቃው ይቆራረጣል።